የሰመጠው ኮርቻ ወራሾች

መዋኘት አልችልም። ይህን ገና ከመነሻው የምነግራችሁ፣ ነገሩ እየገፋ ሲሄድ «ታዲያ ምን አግብቶህ?» ማለታችሁ ስለማይቀር ነው። ምን እንዳገባኝ እኔም አላውቅም። ተወልጄ ያደግሁት እንጅባራ ነው። ባሕር የማውቀው በስልክ ነው። ከጉልበቴ በላይ ውኃ ውስጥ የቆምሁትም ክረምት ላይ የመንገዱ ቦይ ሞልቶ የገበያው ሰው ሁሉ ሱሪውን በሰበሰበበት ቀን ብቻ ነው። እንዲህ ሆኜ ሳለሁ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ውኃ ጠልቀው የሰመጠ ሀብት ስለሚያወጡ ወጣቶች የጀብዱ ልቦለድ ልጽፍ ተነሣሁ።

ሁለት ጎረምሶችና አንዲት ኮረዳ የአየር ሲሊንደር በጀርባቸው አዝለው፣ እንደ ዳክዬ እግር የተንጣለለ ጫማ አጥልቀው ዘንገና ሐይቅ ሥር ይወርዳሉ። ዘንገናን ለማታውቁት፣ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጥሊሊ ከሚወስደው መንገድ ገባ ሲሉ የሚገኝ፣ ዙሪያውን ጫካ የከበበው ክብ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱን የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም፤ አላውቀውም የሚል ሰውም አላጋጠመኝም። ከሥሩ ምን ልጣልበት ብዬ አሰብሁ። ፈረስ ከልጅ እኩል በሚወደድበት አገር ዕንቁ የሞላ ሣጥን ብጥል ማን ግድ ይለዋል? የወርቅ ኮርቻ ጣልሁበት።

ደግሞ ዝም ብዬ አልጻፍሁም፤ ተመራምሬያለሁ። ኔትወርክ ሲመጣ የጠላቂዎችን ቪዲዮ አያለሁ፤ ኔትወርክ ሲሄድ ጠላቂው ውኃ ውስጥ ተገትሮ ይቀርና እኔም ትንፋሼን ይዤ እጠብቀዋለሁ። አንድ ቀን በቱቦ መተንፈስ ምን እንደሚመስል ልቅመሰው ብዬ፣ ግቢ ውስጥ ሳፋ ሙሉ ውኃ አቅርቤ የጎማ ቱቦ አፌ ውስጥ ሰካሁና ጭንቅላቴን ነከርሁ። አከራዬ ልብስ ሊያሰጡ ወጥተው አዩኝ። በጩኸታቸው ሰፈሩ ተሰበሰበ። አንዱ ቱቦውን ነጠቀኝ፣ አንዱ «በዚህ ዕድሜህ ምን ጎደለህ?» ብሎ መከረኝ፣ አንዷ ሮጣ ጠበል አምጥታ ረጨችኝ። ቀድሞም ርሼ ነበር።

መዘዙ የመጣው ግን ከሳፋው አይደለም። እኔ እንጀራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ፣ ባለጉዳይ እያለቀሰ ይነግረኛል፣ እኔ በኮምፒውተር አሳምሬ አቤቱታ አደርገዋለሁ። እጅ ደግሞ የለመደውን አይተውም። ጎረምሳው ለኮረዳዋ ፍቅሩን በሚገልጥበት ምዕራፍ ላይ፣ «ከላይ ስሜ የተጠቀሰው እኔ ወጣት፣ ለወይዘሪት ያለኝ ፍቅር ከፍ ያለ መሆኑ ታውቆ አፋጣኝ ምላሽ ይሰጠኝ ዘንድ በአክብሮት አመለክታለሁ» ብዬ ጽፌ ተገኘሁ። ታናሽ እህቴ ስንዱ አንብባ ሆዷን ይዛ ወደቀች። «እምቢ ካለችው ይግባኝ ይላል?» አለችኝ።

ስንዱ ያኔ መሳቅ ትችል ነበር። ሠርጓ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጦ፣ ጌሾው ተወቅጦ፣ ድንኳኑ ተነግሮ፣ የጫግኒ ዘመዶቻችን ሳይቀሩ ተጠርተው ነበር። እጮኛዋ ደሳለኝ የዳንግላ ልጅ ነው፤ ከዳንግላ እንጅባራ ሚኒባስ ይነዳል። እንዲያውም ስንዱን ያወቃት መልሴን አልሰጠኝም ብላ ስትጣላው ነው። ልጁ ወርቅ ነው። ችግሩ አባት ያለው መሆኑ ነው።

አባትየው አቶ ተገኘ ይባላሉ። ቁመታቸው ረጅም፣ ወሬያቸው ከቁመታቸው የረዘመ፣ ፈረሳቸው በጉግስ ሜዳ ላይ የሚታወቅ፣ እሳቸው ደግሞ ከፈረሱ በላይ እንዲታወቁ የሚፈልጉ ሰው ናቸው። በዐቢይ ጾም መካከል የሠርጉን ነገር ሊነጋገሩ መጥተው፣ ሲመለሱ መናኸሪያው በር ላይ ከእትዬ ባንቻየሁ ቆሎ ገዙ። እትዬ ባንቻየሁ ቆሎውን የምትጠቀልለው እኔ በምሰጣት ወረቀት ነው። ማተሚያዬ ቀለም እያዝረከረከ የሚያበላሸውን ወረቀት መጣል ስለሚያሳዝነኝ ለእሷ እሰጣታለሁ፤ እሷም አልፎ አልፎ አንድ እፍኝ ትልክልኛለች። እንግዲህ አቶ ተገኘ ቆሎውን ቆርጥመው ሲጨርሱ ሚኒባሱ አልሞላም ነበርና ወረቀቱን ዘርግተው አነበቡት። ያነበቡት እንዲህ ይላል፦

«ንብረቱ የፊታውራሪ እንደብልሃቱ የወርቅ ኮርቻ ሲሆን፣ የሚገኘውም በዘንገና ሐይቅ ሥር፣ በምሥራቅ ትልቁ ዛፍ፣ በምዕራብ የእግር መንገድ፣ በሰሜን ገደል፣ በደቡብ የግጦሽ መሬት በሚያዋስነው ሥፍራ ነው። ወራሾቻቸው እስከ ዛሬ ድረስ ያልቀረቡ ናቸው።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ለምን እንደጻፍኋት እግዜር ይወቀው። ንብረት በጠቀስሁ ቁጥር ወራሽ ካልጠራሁ እጄ አያርፍም።

በማግስቱ ቢሮዬን ስከፍት አቶ ተገኘ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ወረቀቱን አጣጥፈው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተውታል፤ ሲያወጡት ገብስ ገብስ ይሸታል።

«ይህ ያንተ ጽሑፍ ነው?»

«የኔ ነው፤ ግን...»

«ማን ከሶ ነው?»

«ማንም አልከሰሰም። ልቦለድ ነው፣ ፈጠራ። ከራሴ ያመጣሁት ነው።»

ወረቀቱን ዓይኔ ሥር አመጡት። «ፈጠራ ከሆነ አዋሳኝ ምን ያደርግለታል?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስሁትም።

«ስማ» አሉና ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። «ተገኘ የአላምረው፣ አላምረው የቢተው፣ ቢተው የወርቁ፣ ወርቁ የፊታውራሪ እንደብልሃቱ። ወራሾቹ ያልቀረቡት ስላልተጠራን ነው። ይኸው ቀርቤያለሁ፤ ጻፍልኝ።»

ለመንሁ፣ ማልሁ፣ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ጎረምሶቹንም ኮረዳዋንም የዳክዬ እግር የመሰለውን ጫማም አሳየኋቸው። ሁሉንም በጥሞና አዩና «ልጆቹ መቼ ነው የሚወርዱት?» ብለው ጠየቁኝ።

ተናድጄ ወደ አባቴ ሄድሁ። አባቴ ከተማውን ዛሬም በድሮ ስሙ ቆሰበር እንጂ እንጅባራ የማይል፣ በነገር የማይቸኩል ሰው ነው። ነገሩን ስነግረው ሳቀ። ደስ አለኝ፤ ከቤታችን አንድ ጤነኛ ተገኘ ብዬ። ከዚያ ሳቁን አቆመና «ማን ነው እንደዚህ ያለው? የዳንግላው ተገኘ?» አለኝ።

«አዎ።»

«እሱ ከየት አምጥቶ ነው የእንደብልሃቱ ዘር የሚሆነው? እንደብልሃቱማ የእናቴ ወገን ናቸው።»

«አባ! እንደብልሃቱ የሚባል ሰው የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኋቸው!»

«አንተን ማን ፈጠረህና?» አለኝ። ቀጥሎም በጣቱ ቆጠረልኝ፤ እናቴ የሺመቤት፣ የሺመቤት የተሰማ፣ ተሰማ የእንደብልሃቱ። የፈረስ ስማቸው አባ ነጎድጓድ ነበር፣ ግራ እጃቸውም ትንሽ ሸፈፍ ይል ነበር። እኔ እንኳ ያልጻፍሁትን ግራ እጅ አባቴ ያስታውሳል! ደራሲ ሆናችሁ ገጸ ባሕሪያችሁን ከእናንተ የበለጠ የሚያውቀው ሰው እንደማግኘት የሚያናድድ ነገር የለም።

ሁለቱ አባቶች በስልክ ተጣሉ። አባቴ ሲናደድ ወደ አዊኛ ይሻገራል፤ አቶ ተገኘም ተሻገሩለት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት፣ ግማሹም ይበቃኛል። ጸቡ ኮርቻው ላይ ብቻ ቢቀር ግድ አልነበረኝም፤ ለሌለ ኮርቻ ሁለት ሰው ቢኮራረፍ ለሠርጉ ቀን ጠላው ያስታርቃቸዋል። ግን የንስሐ አባታችን ሰሙ። ቤት መጡ፣ ተቀመጡ፣ ሁለቱም ወገን እንዴት እንደቆጠረ ጠየቁ፣ ከዚያ ጸጥ ብለው በጣቶቻቸው ወደ ላይ ወጡ፣ ወደ ታች ወረዱ፣ ደግመው ወጡ።

«ልጆቼ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሰባት አልሞላም።»

ሰባት ትውልድ ያልራቀ አይጋባም፤ ይህን በአገራችን የማያውቅ የለም። አቶ ተገኘ ኮርቻውን ለመውረስ የፊታውራሪው ዘር መሆን አለባቸው፣ አባቴም እንዲሁ። ሁለቱም የአንድ ሰው ዘር ከሆኑ ደግሞ ስንዱና ደሳለኝ ዘመዳሞች ናቸው። ሽማግሌ የተላከበት፣ ጌሾ የተወቀጠበት ጋብቻ በአንድ ጥቅል ቆሎ ፈረሰ።

ስንዱ ከጓዳ ወጥታ ፊቴ ቆመች። «ወንድም ዓለም፣ ባሌን የአጎቴ ልጅ አደረግኸው አይደል?» አለችኝና ተመልሳ ገባች። ማልቀሷን በግድግዳው ሰማሁት። ትንሽ ቆይቶ ደሳለኝ ደወለ፤ ሚኒባሱን መንገድ ዳር አቁሞ ነው የሚያወራው። «እኔ እህትህን ላግባት እንጂ ልዛመዳት መቼ ጠየቅሁህ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ለማስተባበል ያልገባሁበት ቤት የለም። ማን ይስማኝ! በታይፕ የተጻፈ፣ ከፍርድ ቤት ፊት ለፊት የወጣ ወረቀት እንዴት ውሸት ይሆናል? ይባስ ብሎ ባለጉዳዮቼ ሥራ አበዙብኝ። አንዲት እናት ከጫግኒ ድረስ በአውቶቡስ መጥተው «የእንደብልሃቱ ወራሽ ነኝ ብለህ ጻፍልኝ፣ እንዳንተ የሚያውቃቸው የለም አሉኝ» አሉኝ። አንድ ባለባጃጅ ደግሞ «የብየዳ ቤቱን ሲሊንደር ብንከራይ ዘንገና ለመውረድ አይሆንም?» ብሎ ሲጠይቀኝ ከወንበሬ ተነሥቼ ጮህሁበት። እሺ ብሎ ሄደ። ዞር ብሎ ግን፣ «ደብቆ ለብቻው ሊያወጣው ነው» ብሎ አስወራብኝ።

በዚህ መሐል አንድ ብልሃት መጣልኝ። በወረቀት የመጣ በወረቀት ይሂድ አልሁ። አዲስ ገጽ ጻፍሁ፤ «ፊታውራሪ እንደብልሃቱ ሚስት ሳያገቡ፣ ልጅም ሳይወልዱ ያረፉ ሲሆን፣ ምንም ዓይነት ወራሽ የሌላቸው መሆኑ ተረጋግጧል።» በብዛት አተምሁና ለእትዬ ባንቻየሁ ወሰድሁላት፤ «እባክሽ እትዬ፣ ሰሞኑን በዚህ ብቻ ጠቅልዪ» አልኋት። ከተማው ሁሉ እንደብልሃቱን እየቆረጠመ መካንነታቸውን አነበበ።

አቶ ተገኘ ስልኩ ሊፈነዳ እስኪደርስ ጮሁብኝ። «የሰው ዘር በኮምፒውተር ታመክናለህ?» አባቴ ደግሞ አልጮኸም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ «የእናቴን አያት» አለ። ይህ ከጩኸቱ የባሰ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን መረመሩና፣ ሁለት ጽሑፍ ሲጋጭ የቀደመው ይጸናል ብለው ፈረዱ። ይህንን ሕግ ማን እንዳስተማራቸው ታውቃላችሁ፤ ከኔ ቢሮ ነው የሰሙት።

በመጨረሻ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ዘንገና ዳር ይሰብሰብ ተባለ። ንብረቱ ባለበት ቦታ ካልሆነ የውርስ ነገር አይታይም። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀመጡ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ግራና ቀኝ ሆኑ፣ ከበላያችን ጦጣዎች ቅርንጫፍ ላይ ተደርድረው ይሰሙናል። ከሁሉም አስተዋይ የመሰሉኝ እነሱ ነበሩ።

«ጸሐፊው ይነሣ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ውረድና ቦታውን አሳየን።»

«አባቴ፣ መዋኘት አልችልም።»

«የጻፍኸው ጎረምሳስ?»

«እሱ ይችላል።»

«እሱን ማን አስተማረው?»

«እኔ... እኔ ነኝ ያስተማርሁት።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔም እልህ ያዘኝ። እዚህ ጋ ምንም የለም ብዬ ላሳያቸው ወደ ዳሩ ወረድሁና እጄን ወደ ውኃው ዘረጋሁ፤ ድንጋዩ አዳልጦኝ ተምዘግዝጌ ገባሁ። ስለ ጠላቂዎች የጻፍሁት ሁሉ ውሸት ነው። ውኃ ውስጥ ሰው ሰላም አይሰማውም፣ ጸጥታውንም አያደንቅም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ ሰው የሚያስበው ስለ እናቱ ብቻ ነው። ደሳለኝ ቀድሞ ደርሶ በጃኬቴ አንገት ይዞ ጎተተኝ። ዳር ላይ ተደፍቼ ውኃ ሳስወጣ ትልቁ ሽማግሌ ጎንበስ አሉብኝ።

«ምን አየህ?»

«ጭቃ!»

«ከጭቃው ሥርስ?»

አለቀስሁ ብላችሁ ትታዘቡኛላችሁ? ውኃ በውኃ ስለነበርሁ ማንም አላወቀብኝም።

ያኔ ስንዱ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ማንም አልጠራትም። ነጠላዋን አጣፍታ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች።

«አባቶቼ፣ ክፉ አልናገርም። ኮርቻውን ተካፈሉት፣ አልፈልገውም። ከደሳለኝ ሌላ ግን አላገባም፤ ሰባት ካልሞላ እንዲሁ እቀራለሁ።» ከዚያ ወደ አቶ ተገኘ ዞረች። «እርስዎ አባቴ ሊሆኑልኝ ነበር፤ አሁን አጎቴ ሆኑብኝ። እኔ አጎት ሞልቶኛል።»

አቶ ተገኘ ልጃቸውን ተመለከቱ። ደሳለኝ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ የኔን ጃኬት እየጨመቀ ነበር፤ ቀና ብሎ አላያቸውም። ከዚያ በዝግታ ተነሡ፤ ዘራቸውን ሊቆጥሩ መሆኑ ሁላችንንም ገባን።

«ተገኘ የአላምረው» አሉ። «አላምረው የቢተው። ቢተው...»

ቆሙ። ሁሉም ቀጣዩን ስም ይጠብቃል። ከዳንግላ አብረዋቸው የመጡ፣ በጉግስ ሜዳ የሚያውቋቸው ባለፈረሶችም ይጠብቃሉ።

«ቢተው የማንም ፊታውራሪ ልጅ አይደሉም» አሉ። «ፈረስ ጫኝ ነበሩ። የሰው ፈረስ ሲያጥቡ፣ የሰው ፈረስ ሲጭኑ ነው ዕድሜያቸው ያለቀው። አንድም ቀን ተቀምጠውበት አያውቁም። አባቴ ይህንን ለሰው አታውራ ብሎኝ ነበር።» ኩታቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። «ኮርቻው የኛ አይደለም። ልጆቹን አጋቧቸው።»

እኚያን ሰው ስጠላቸው ከርሜ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ማንም አልሳቀም። ካጠገባቸው የነበረ አንድ ባለፈረስ እጁን ትከሻቸው ላይ አሳረፈ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ፣ «እኔም የእናቴን ወገን አጥርቼ አላውቀውም» አለ። የንስሐ አባታችን ይህንን ሲሰሙ ማንም ሐሳቡን ሳይለውጥ ፈጥነው ተነሡና «እንግዲህ ዝምድና የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን!» ብለው አሳረጉት።

«ታዲያ ኮርቻው የማን ሊሆን ነው?» ያሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ።

ሠርጉ በቀኑ ሆነ። ስንዱ እስክትሰናበተኝ ድረስ ኮስተር ብላብኝ ቆይታ፣ ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት ብቅ ብላ ሳቀችልኝ። እኔ ልቦለዱን ደህና አድርጌ ዘግቼዋለሁ፤ ውኃ የሚባል ነገር ለመጠጥ ካልሆነ አልፈልግም ብዬ ነበር። በመልሱ ቀን ግን አቶ ተገኘ ከድንኳኑ ኋላ ጠሩኝ።

«ያ መጽሐፍህ ምን ደረሰ?»

«ተውሁት፣ አባቴ።»

«አትተወው።» ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለዚያ ፊታውራሪ ፈረስ ጫኝ ጽፈህለታል?»

«አልጻፍሁም።»

«ታዲያ ኮርቻውን ማን አሰረለት? ፊታውራሪ በገዛ እጁ ፈረስ አይጭንም።» ኩታቸውን አስተካከሉ። «ቢተው በለው። ከሳቸው በላይ ያለውን አናውቀውም፤ የፈረስ ጫኝ ዘር ማን ይቆጥራል። ወርቁ ያልሁህን ከራሴ ነው ያመጣሁት።»

እንዴት እምቢ ልበላቸው? ይኸውና እንደገና ከምዕራፍ አንድ ጀምሬያለሁ። ሁለቱ ጎረምሶችና ኮረዳዋ ሲሊንደራቸውን አዝለው፣ የዳክዬ እግራቸውን አጥልቀው ዳር ላይ ቆመዋል፤ ውኃው እንኳ አልነካቸውም። ቢተው መጀመሪያ ፈረሱን ማጠብ አለባቸው፣ ከዚያ ማሰር፣ ከዚያ ማብላት፤ በየገጹ እየገቡ መጽሐፉን የፈረስ በረት አደረጉት። ልቤ ሊፈርስ ነው። ባለፈው ደግሞ አቶ ተገኘ ከዳንግላ ደወሉ።

«አባ ቢተው ውኃው ውስጥ ገቡ?»

«ገና ናቸው። ደግሞ እሳቸው ምን ሊያደርጉ ይገባሉ? ሽማግሌ ናቸው።»

«ይግቡ እንጂ፤ ኮርቻው ሲሰምጥ ቆመው ሊያዩ ነው? ኮርቻውን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ዋና ይችሉ ነበር።»

«እርስዎ እንዴት ያውቃሉ?»

ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ «ሃሎ?» አልሁ።

«አላውቅም» አሉ። «አንተ ጻፈው።»